ጾም መሰለን፤ ረሃብ ነበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የዛሬው ጽሑፌ ክስ ነው። ከተከሳሾቹም የመጀመሪያው እኔ ነኝ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ በአንድ ረቡዕ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ቅዳሴው እየተቀደሰ ሳለ በሴቶች መቆሚያ በኩል አንዲት እኅታችን ወደቀች። እናቶች ደግፈው አወጧት፤ ፊቷን በጸበል አበሱላት፤ ጥቂት ቆይታም ነቃች። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ የሰማሁት ሁሉ ምስጋና ነበር። «በዚህ ዘመን እንዲህ የሚጾም ወጣት አለ ማለት ነው!» ተባለ። እኔም ከአመስጋኞቹ አንዱ ነበርሁ። በሚቀጥለው እሑድ ተራዬ ደርሶ ሳስተምር፣ ስሟን ሳልጠራ፣ ለታናናሾቿ የጾም ምሳሌ አድርጌ አቀረብኋት።

እውነቱን ያወቅነው ከቀናት በኋላ ነው። የምትኖርበትን ክፍል ያከራዩአት እናት ለአንዲት የማኅበር ጓደኛቸው ነገሯቸው። ልጅቱ ከገጠር መጥታ በከተማችን በአንድ ኮሌጅ የምትማር ናት። በየሁለት ሳምንቱ ስንቅ የሚያመጡላት አባቷ ታምመው ሳይመጡ ቀሩ። ዱቄቱ አለቀ፤ ሽሮውም አለቀ። ከዚያች ረቡዕ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ በውኃና በጥቂት ቆሎ አሳልፋለች። ለምን አልነገርሽንም ብለን ስንጠይቃት አንገቷን ደፍታ የመለሰችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጾም ስለ ሆነ ማንም አያውቅብኝም ብዬ ነው።»

ይህን ቃል ከሰማሁ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ከእርሱ የሚብሰው ግን በራሴ እጅ የተጻፈው ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ፣ ከጉባኤ በኋላ፣ ማስታወቂያ የማነብበው እኔ ነበርሁ። «የምግብ ችግር ያለበት ተማሪ ካለ ወደ ፊት መጥቶ ስሙን ያስመዝግብ» ብዬ በድምፅ ማጉያ ተናገርሁ። ማንም አልመጣም። በቃለ ጉባኤውም «የምግብ ችግር ያለበት ተማሪ አልተገኘም» ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁም። ያቺ እኅታችን በዚያ ቀን በአዳራሹ ውስጥ ከሦስተኛው ረድፍ ተቀምጣ ነበር።

እንግዲህ ክሴ ይህ ነው። በመካከላችን የሚራቡ ተማሪዎች አሉ፤ እኛም እንጀራ የለንም አይደለም። ያጣነው እንጀራ ያለ ኀፍረት የሚቀበሉበት ቦታ ነው። ያን ቦታ ያጠፋነው ደግሞ እኛው ነን፤ በቀልዳችን፣ በካሜራችን፣ በመዝገባችንና በዝምታችን።

የሚራበው ማን ነው?

የደንዲን ምድር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መረሬው አፈር ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ የሚያበቅል ነው። ጊንጪ በገበያ ቀን በእህል ጆንያ የምትጨናነቅ ከተማ ናት። «በዚህ አገር ተማሪ እንዴት ይራባል?» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም፤ የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውምና። ነገር ግን እህል በገበያ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ የ18 ዓመት ልጅ ድስት ውስጥ መገኘቱ ሌላ ነገር ነው።

ከየገጠሩ ቀበሌ ወደ ጊንጪ፣ ወደ አምቦ፣ ወደ ጉደር የሚመጡ ተማሪዎችን አስቡ። ሦስት አራት ሆነው ክፍል ይከራያሉ። ስንቃቸው ከቤት ይመጣል፤ ዱቄት፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ በሶ። መንገድ ሲዘጋ፣ አባት ሲታመም፣ ወይም ያለፈው ዓመት እህል አልቆ አዲሱ ገና ማሳ ላይ ሳለ፣ በክረምትና በመስከረም፣ ስንቁ ይቀጥናል። በግል ኮሌጆችና በቴክኒክና ሙያ ተቋማት የሚማሩት በአብዛኛው እንደ ዩኒቨርሲቲው የምግብ አዳራሽ የላቸውም። የክፍል ኪራይ፣ የትምህርት ክፍያና የትራንስፖርት ወጪ አስቀድሞ ይከፈላል፤ የሚቀነሰው ከሆድ ነው። ኪራይ የሚጠይቅ ሰው አለ፤ ሆድ ግን ዝም በል ቢሉት ለጊዜው ዝም ይላል።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያለው ተማሪ የተሻለ ዕድል አለው፤ ይህን አልክድም። ይሁን እንጂ የዚያንም ልክ እንወቅ። ለአንድ ተማሪ የሚመደበው የቀን የምግብ በጀት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ 22 ብር ነበር፤ ቁርሱም፣ ምሳውም፣ እራቱም በዚያ ነው። በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ምን ያህል ቀርቶ እንደ ነበረ ጭማሪው ራሱ ይመሰክራል። «ነን ካፌ» የሆነው ተማሪ ደግሞ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ተቀብሎ ውጭ ይመገባል። ገንዘቡን ለታናሽ ወንድሙ ደብተር፣ ለእናቱ መድኃኒት የሚልክም አለ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ተማሪ ከቅዳሴ ሲመለስ የምሳ ሰዓት አልፎ፣ አዳራሹ ተዘግቶ የሚያገኝበትም ቀን ጥቂት አይደለም። ጓደኛ ካስቀመጠለት ይበላል፤ ካላስቀመጠለት እስከ እራት ይጠብቃል።

«ተማሪ ነው፤ ይለመዳል»

ስለዚህ ጉዳይ በየግቢው የምንናገረውን አድምጡ። የመጀመሪያው ንግግር ቀልድ ነው። በየቡድኑ መልእክት መላላኪያ የተማሪ ረሃብ መሳቂያ ነው። ወር መጨረሻ፣ ባዶ ኪስ፣ ቀጭን ወጥ፤ ሁላችን ስቀንበታል። ቀልዱ ከሚራበው አፍ ሲወጣ መጽናኛ ሊሆን ይችላል። ከጠገበው አፍ ሲወጣ ግን የተራበውን ሰው ዝም ያሰኘዋል፤ «ርቦኛል» ቢል ሌላ ቀልድ የጨመረ ይመስላልና። «ተማሪ ነው፤ ይለመዳል፤ ነገ ሲመረቅ ያልፍለታል» እንላለን። የዛሬው ራት ነገ በምረቃ አይበላም። የተራበ ተማሪ ትምህርቱን ያቋርጣል፤ ወይም ፈተና ላይ ተቀምጦ የሚያውቀውን ያጣዋል፤ እኛም «ሰነፍ ነው» ብለን እንደመድማለን።

ሁለተኛው ንግግር ኀፍረት ነው። «እኔ ነዳይ አይደለሁም።» እዚህ ላይ፣ የተራብህ ወንድሜ ሆይ፣ አንተንም እሟገትሃለሁ። ነዳይ የሚለውን ቃል ከስድብ የቆጠርኸው ከማን ተምረህ ነው? ቤተ ክርስቲያን ነዳያንን የክርስቶስ ታናናሽ ወንድሞች ብላ ታስተምራለች (ማቴ. 25፥40)። ነቢዩ ኤልያስ በኮራት ፈፋ ቁራዎች መገቡት፤ ወንዙ ሲደርቅ ወደ ሰራፕታ ሄዶ ከአንዲት መበለት እንጎቻ ለመነ (1ኛ ነገ. 17)። ሰማይን በጸሎቱ የዘጋው ነቢይ፣ ከእርሱ ይልቅ ድሃ ከነበረች ሴት እጅ በላ፤ ነቢይነቱ አልቀነሰም። ጌታችን አምላካችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስም በሥጋ ሲመላለስ በገንዘባቸው ያገለገሉትን ሴቶች አገልግሎት ተቀብሏል (ሉቃ. 8፥3)። አምስት ሺህ የመገበ ጌታ የሰውን ማዕድ ካልናቀ፣ አንተ የምትንቀው በምን ሥልጣን ነው?

ሦስተኛው ንግግር ከሁሉ ይልቅ መልካም ይመስላል፤ «ለእኔ ይቅር፤ ከእኔ ለባሰበት ይሰጥ።» ትሕትና ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ኀፍረት የለበሰው ካባ ነው። ሁሉም ለባሰበት ብሎ ሲተው እንጀራው በሞሰቡ ውስጥ ይደርቃል፤ የባሰበት የተባለውም ሰው እንዲሁ ብሎ በክፍሉ ተኝቷል።

አራተኛው የእኛ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ልዩ መሸሸጊያ ነው፤ ረሃብን በጾም መሸፈን። ጾም ያለንን በፈቃዳችን መተው ነው። ረሃብ ግን ሳንፈቅድ ማጣት ነው። ሁለቱን አንድ ያደረገ ሰው ጾምንም አላወቀ፣ ለተራበውም አላዘነ። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቍረስ እንደ ሆነ በግልጽ አስተምሮናል (ኢሳ. 58፥6-7)። እኛ በዚያ ረቡዕ የጾምነው ጾም የትኛው ነበር? ከአጠገባችን የወደቀችውን አመስግነን ወደየቤታችን ገባን፤ በየቤታችንም የጾም ማዕድ ተሰናድቶ ጠበቀን።

የቆሎ ተማሪው ልጆች ነን

የዚህ ሁሉ እንግዳነት የሚገባን የመጣንበትን ስናስታውስ ነው። በዚህች አገር ከዩኒቨርሲቲ በፊት ዩኒቨርሲቲ የነበረው የአብነት ትምህርት ቤት ነው። ዜማው፣ ቅኔው፣ መጻሕፍቱ ወደ እኛ የደረሱት በቆሎ ተማሪ ነው። ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ የለመነ ተማሪ ነው ሊቅ የሆነው። የባለጸጋ ልጅ ሆኖ ሳለ የለመነም ነበረ፤ ልመናው የሆድ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የትሕትና ትምህርት ነበርና። የተለመነውም ወደ ጎጆው ገብቶ ከባልንጀራ ጋር ይበላል፤ የተረፈው ደርቆ ኮቸሮ ይሆናል።

ያን ሕይወት አስጊጬ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። ውሻ ይነክሳል፣ ብርድ ይፈጃል፣ ደጁን የሚዘጋበትም ሰው አይጠፋም። ነገር ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ገበሬው የቆሎ ተማሪውን ሲያይ «ሥራ ፈት» አይለውም። የሚማረው ለእኔም ነው ብሎ ያስብ ነበር። ለልጁ ክርስትና፣ ለአባቱ ፍትሐት የሚያስፈልገውን ካህን የሚያሳድገው በዚያች ቁራሽ መሆኑን ያውቃል። ተማሪውም የሕዝብ እንጀራ እንደ በላ ያውቃል፤ ዕድሜውን ሁሉ በአገልግሎት ይከፍላል።

ዛሬ ግን የእነዚያ ሊቃውንት የመንፈስ ልጆች ነን የምንል እኛ፣ አንድ ኪሎ ዱቄት ከወንድማችን እጅ መቀበል ሞት መስሎ ይታየናል። የሚያስገርመው በዩኒቨርሲቲ የምንበላውም እንጀራ የሕዝብ እንጀራ መሆኑ ነው። በወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ፈርሞ ይገባል። እስከዚያው የሚያበላው ግብር ከፋዩ ነው፤ ከእነርሱም አንዱ የደንዲ ገበሬ ነው። በካፌ ሰልፍ ቆመን የሕዝብ እንጀራ ስንቀበል አናፍርም፤ ሰልፉ ለሁሉ ነውና። ከቤተ ክርስቲያን ጓዳ ስንቀበል የምናፍረው ለብቻችን ተለይተን ስለምንታይ ነው። እንግዲህ መድኃኒቱም ከዚሁ ይታወቃል፤ የሚለየውን ነገር ማስወገድ ነው።

ለሰጪዎች

አሁን ፊቴን ወደ እናንተ ወደ ሰጪዎች፣ ወደ ራሴም እመልሳለሁ። በበዓል ዋዜማ ዘይትና ዱቄት ይዘን እንወጣለን። ተቀባዩን መሀል አቁመን፣ ዘይቱን በእጁ አስይዘን፣ ባነሩን ከኋላ ዘርግተን ፎቶ እናነሣለን። «ሌሎችን ለማነሣሣት ነው» እንላለን። የአንድ ተማሪ ፊት ከዘይት ጀሪካን ጋር በክፍል ጓደኞቹ ስልክ ላይ ሲዞር የሚነሣሣው ማን ነው? እርሱ ራሱ ነው፤ ሁለተኛ ወደ እኛ ላለመምጣት። ጌታችን ስለ ምጽዋት ሲያስተምር መለከት እንዳይነፋ፣ ግራ እጅ የቀኙን ሥራ እንዳታውቅ አዝዟል (ማቴ. 6፥1-4)። የዛሬው መለከት በኪሳችን ያለው ስልክ ነው።

ሌላው ደግሞ ማስረጃ መጠየቅ ነው። «ከቀበሌ የድህነት ማረጋገጫ ያምጣ።» ረሃብ ማኅተም እስኪመታበት ድረስ የሚጠብቅ ይመስል! አታላይ ይኖር ይሆናል። ያለ ችግሩ ሁለት ኪሎ ሽሮ የወሰደ አታላይ ጉዳቱ ሁለት ኪሎ ሽሮ ነው። አታላዩን ለመከላከል በዘረጋነው አጥር ምክንያት ተመልሶ የሄደው እውነተኛ ግን ትምህርቱን፣ አንዳንዴም ሃይማኖቱን ያጣል።

የቦዔዝን ሥራ ተመልከቱ። ኦሪት ባለ እርሻው የማሳውን ዳር እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው አዝዛለች (ዘሌ. 19፥9-10)። ቦዔዝ በሕጉ ብቻ አልቆመም። ሩት በነዶዎቹ መካከል ስትቃርም ጐልማሶቹ እንዳያሳፍሯት ከለከላቸው፤ ከነዶውም ሆን ብለው ዘለላ እየጣሉ እንዲተዉላት አዘዛቸው (ሩት 2፥15-16)። ሩት በሥራዋ ያገኘችውን ይዛ የሄደች ያህል ቀና ብላ ወደ አማቷ ተመለሰች። ቦዔዝ እህሉን ብቻ ሳይሆን ክብሯንም ጠበቀላት። የዚያች ስደተኛ ሴት የልጅ ልጇ ልጅ ዳዊት ነው፤ ከዳዊትም ዘር ክርስቶስ ተወለደ። ቦዔዝ ሩትን በመዝገብ ፊት አስቁሞ ፎቶ ቢያነሣት ኖሮ ደግማ ወደ ማሳው ትመጣ ነበርን?

ዲያቆን ምን ሊያደርግ ተሾመ?

«ሰንበት ትምህርት ቤት የነፍስ ትምህርት የሚሰጥበት ነው፤ የእርዳታ ድርጅት አይደለም» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉትን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ዲያቆን ምን ሊያደርግ ተሾመ?

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አንብቡ። ደቀ መዛሙርት ሲበዙ ማጉረምረም ተነሣ። ምክንያቱ የትምህርት ክርክር አልነበረም፤ ምግብ ነበር። የግሪክ ቋንቋ ይናገሩ የነበሩ አይሁድ መበለቶቻቸው በዕለቱ እደላ ቸል ተብለውባቸው ነበር። ሐዋርያት «ይህ የሥጋ ነገር ነው» ብለው አላለፉትም። መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰባት ሰዎች አስመረጡ፤ ጸልየው እጃቸውን ጫኑባቸው። የእኛ ሊቀ ዲያቆናት ቅዱስ እስጢፋኖስ የተሾመው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ሰማዕት ሆኗል፤ ሰማያትም ተከፍተው አይቷል። የጀመረው ግን ከማዕድ ነው።

እኔ ዲያቆን ነኝ። በቅዳሴ ጊዜ የማነብበውን አውቃለሁ፤ መቼ እንደምሰግድ፣ መቼ ሕዝቡን እንደማስነሣ ተምሬአለሁ። ሹመቴ የተጀመረበትን ሥራ ግን በድምፅ ማጉያ አንድ ጊዜ ጠይቄ፣ «አልተገኘም» ብዬ ፈርሜ ተገላገልሁ።

ደግሞ አስተውሉ። ቸል የተባሉት የሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ነበሩ። የተመረጡት ሰባቱ ስሞቻቸው የግሪክ ስሞች ናቸው። ቸል የተባለው ወገን ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ደጁን የሚያንኳኳለት አገልጋይ አገኘ። በደንዲ፣ በአምቦ፣ በጉደር ያለነው ይህን እንዴት እናልፈዋለን? ከገጠር የሚመጡት ብዙዎቹ ተማሪዎች አፋን ኦሮሞ የአፍ መፍቻቸው ነው። እኔ ያን ማስታወቂያ ያነበብሁት በአማርኛ ብቻ ነበር። ችግሩን በሌላ ቋንቋ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ለማያውቀው ሰው እንዲነግረኝ ጠበቅሁ። አልመጣም። ሐዋርያት ማጉረምረሙን ሰምተው ሥርዐት ሠሩ፤ እኔ ማጉረምረም እንኳ እንዳይኖር አድርጌ ጠየቅሁ።

«ስንፍና ያስለምዳል» ለሚሉ

«ሊሠራ የማይወድ አይብላ» የሚለውን የሐዋርያውን ትምህርት የሚጠቅሱ አሉ (2ኛ ተሰ. 3፥10)። ሐዋርያው የተናገረው ስለማይወድ ሰው ነው፤ ስላልቻለ ሰው አይደለም። ቀን ተምሮ፣ ማታ አጥንቶ፣ ቅዳሜ ጆንያ ተሸክሞ ኪራይ የሚከፍል ተማሪ ሰነፍ ከተባለ ትጉህ ማን ነው?

«አቅም የለንም» የሚሉም አሉ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። በ4ኛው መቶ ዘመን በቂሣርያ ጽኑ ረሃብ በሆነ ጊዜ ቅዱስ ባስልዮስ ገና ጳጳስ አልነበረም፤ ቄስ ነበር። ባለጸጎችን ጎተራቸውን እንዲከፍቱ ገሠጻቸው፤ የተራቡትን ሰብስቦ በድስት የጥራጥሬ ንፍሮ እያቀረበ በገዛ እጁ አገለገላቸው። ጥራጥሬ ነው! ሽምብራና ጓያ ከሞላበት ከደንዲ የበለጠ ለዚህ የተመቸ አገር የት ይገኛል? ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም በአንጾኪያ ሲያስተምር፣ ሀብቷ ከአንድ ባለጸጋ ብዙም የማይበልጥ ቤተ ክርስቲያን በየቀኑ ወደ ሦስት ሺህ ለሚደርሱ መበለቶችና ደናግል እንደምትመግብ ለሕዝቡ ነግሯል። ይህን የተናገረው ሊያስመሰግናት አይደለም፤ ሌሎቹ ባለጸጎች እንዲያፍሩ ነው።

እኛ ለዓመታዊ በዓላችን አንድ ዓይነት ልብስ አሠፍተናል፤ መድረክ አስጊጠናል። ይህን አልነቅፍም። ነገር ግን ለልብሱ ከእያንዳንዳችን የተሰበሰበው ገንዘብ በአንድ ሳምንት ተሟልቷል። አቅም የለንም የምንለው ለየትኛው ነገር ነው?

ሌሎች የደረሱበትን

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የመጀመሪያው የምግብ ባንክ የተቋቋመው በ1967 እ.ኤ.አ. በፊኒክስ ከተማ ነው፤ የሚጣለውን ምግብ ሰብስቦ ለተራበ ለማድረስ የተነሣ ክርስቲያን ጀመረው፤ በእመቤታችን ቅድስት ማርያምም ስም ተሰየመ። በ1993 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለተማሪዎች የሚሆን የምግብ ጓዳ ከፈቱ፤ ዛሬ በመቶዎች የሚቈጠሩ ኮሌጆች ይህን ያደርጋሉ። ይሁን እንጂ የአሜሪካ መንግሥት የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ ለመንግሥት የምግብ ድጋፍ ብቁ ሊሆኑ ይችሉ ከነበሩ ችግር ያለባቸው ተማሪዎች መካከል ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉት ድጋፉን እንዳላገኙ ገልጿል። ብዙዎቹ መብቱ እንዳላቸው አያውቁም። በየኮሌጁ ጓዳ ያሉ አገልጋዮች ደግሞ ኀፍረት ስንቱን ከደጃቸው እንደሚመልስ ያውቃሉ። እህል ማከማቸት ብቻውን እንደማይበቃ ባለጸጋዋ አገርም ታስተምረናለች።

ከሩቅ አገር ይልቅ የገዛ አገራችን ተማሪ ይገሥጸን። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1966 እ.ኤ.አ. ነዳያን ከአዲስ አበባ ጎዳናዎች ተለቅመው በሾላ በታጎሩ ጊዜ «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብለው ሰልፍ ወጡ። በወሎ ረሃብ ጊዜም መምህራኑ ያዩትን በፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ ሲያሳዩ፣ ተማሪዎቹ ቁርሳቸውን ለተራቡት ሰጡ። ያ ትውልድ በሃይማኖት ነገር ብዙ የምንወቅሰው አለን። ቁርሱን ስለ መስጠቱ ግን የምንወቅስበት አፍ የለንም። እነርሱ ወሎ ድረስ ያለውን የተራበ አዩ፤ እኛ በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጠችውን አላየንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ነቀፋ ብቻ ጽፌ እንዳልሄድ፣ በእኛ ሰንበት ትምህርት ቤት ከአባቶች ጋር ተመካክረን የጀመርነውን ልንገራችሁ። ገና ሕፃን ነው፤ የሚተርፈውም የሚጎድለውም ገና አልታወቀም።

ከመዝሙር ልብስ ማስቀመጫው ጎን ያለችውን ክፍል «የስንቅ ጓዳ» አልናት። ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቆሎና ምስር ይቀመጥባታል። ከእሑድ ጉባኤ በኋላ ሁላችንም፣ ያለውም የሌለውም፣ በዚያች ክፍል አልፈን እንወጣለን፤ የያዘ ያስቀምጣል፣ ያጣ ይወስዳል። ሁሉም ቦርሳ ይዞ ገብቶ ቦርሳ ይዞ ስለሚወጣ ማን ሰጠ፣ ማን ወሰደ አይታወቅም። የስም መዝገብ የለም፤ የሚመዘገበው የእህሉ መጠን ብቻ ነው። ስልክ በዚያች ክፍል አይወጣም። በሌላ ቀን ለሚቸገር፣ ቁልፉ ከአንድ ወንድምና ከአንዲት እኅት እጅ ነው፤ ሁለቱም አማርኛና አፋን ኦሮሞ ይናገራሉ። «ለምን?» ብለው እንዳይጠይቁ ተነግሯቸዋል።

የገጠር ምእመናንም እህል በሚወቃበት በታኅሣሥና በጥር ከአውድማው አንድ አንድ ቁና እንዲያስቡልን በየአጥቢያው አባቶች እንዲያሳስቡ ጠይቀናል። ለማኅበርና ለዝክር የሚደገስባቸው ቤቶች ከጸበል ጻዲቁ የተረፈውን በጊዜ እንዲልኩ ተስማምተናል። የወሰደም ሰው ባዶ እጁን እንዳይመስለው፣ ጓዳውን በመጥረግ፣ እህል በመልቀም፣ ታናናሾችን በማስጠናት ሁላችንም ተራ ገብተናል፤ ሰጪም ተቀባይም በአንድ ተራ ነው።

በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ጉባኤ ያላችሁ ደግሞ ከዚህ የቀለለውን ጀምሩ። ከክፍል ጓደኛህ ጋር ስትወጣ «በልተሃል?» ብለህ አትጠይቀው፤ «አዎ» ይልሃል። «ና አብረን እንብላ» በለው። ለቅዳሴ የሄደውን ምሳ ሳትነገር አስቀምጥለት። የረሃብ ቀልድ ሲነሣ አትሳቅ። ጉባኤ የቀረውን ልጅ «ቀዘቀዘ» ከማለትህ በፊት ክፍሉ ድረስ ሂድ፤ ሄደህም ባዶ እጅህን አትግባ።

የተራብሽ እኅቴ፣ የተራብህ ወንድሜ ሆይ፣ ምናልባት ይህን በባዶ ሆድ ታነብቡት ይሆናል። አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ረሃባችሁን ጾም አታስመስሉልን። እናንተ ዝም ስትሉ እኛ ቃለ ጉባኤ ላይ «አልተገኘም» ብለን እንፈርማለን፤ በጌታም ፊት የምንጠየቅበት ይሆንብናል። ብትመጡ ውለታ የምትውሉልን እናንተ ናችሁ። ያን ቃለ ጉባኤ አልቀደድሁትም። በሥሩ በሌላ ቀለም «ተገኝታለች፤ ያልፈለግናት እኛ ነን» ብዬ ጽፌበታለሁ። እሑድ ከጉባኤ በኋላ ጓዳው ክፍት ነው።

በረሃ ለአምስት ሺህ ሕዝብ ማዕድ የሠራ አምላክ ማዕዳችንን ይባርክልን፤ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የሊቀ ዲያቆናት ቅዱስ እስጢፋኖስ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።